የአጎቴ ተራ

ቁጡ ነኝ። አስቀድሜ ብናገረው ይሻላል፤ እኔ ባልናገረው የጂንካ ሰው ይናገርልኛል። በልምምድ ሰዓት ስልክ የሚነካካ ተወዛዋዥ ያበሳጨኛል። አርፍዶ መጥቶ «መንገድ ላይ ሰው ይዞኝ ነው» የሚል ደግሞ ይብሳል። ከሁሉም የማልወደው ግን ጭፈራ አይቶ ሲያበቃ ጠጋ ብሎ «ይሄ ኦርጅናሉ ነው ወይስ የተቀላቀለው?» የሚለኝን ሰው ነው። ሰውዬው ምንም አላጠፋም፤ ጥያቄው ነው የሚያመኝ። ለምን እንደሚያመኝ እስከዛሬ ለማንም ስላልተናገርኩ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ያደግኩት አክስቴ ጋ ነው፤ ከጂንካ በላይ ካለው ደጋ፣ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ ታመመች፤ የአባቴ እህት «ለጊዜው ልያዛት» ብላ ወሰደችኝ። ጊዜው ስድስተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ ቆየ። እሷና ባሏ ልጅ አልነበራቸውም። ባሏን አጎቴ እለው ነበር፤ እሱም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ «አንቺ እሳት» ነበር የሚለኝ። እሳቱን ከማን እንደወሰድኩት ኋላ ነው የገባኝ።

አጎቴ ነፊ ነበር። በእኛ መንደር ሰባት ሰዎች ሰባት ቀርከሃ ይነፋሉ። ቀርከሃዎቹ በቁመት ይበላለጣሉ፤ ጣት የሚደፍነው ቀዳዳ ስለሌላቸው እያንዳንዳቸው የሚያወጡት አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚሆነው ሰባቱ ተራ በተራ፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሲነፉ ነው። አንዱ ለብቻው ቤቱ ተቀምጦ ቢነፋ ጥጃዋ የጠፋባት ላም ይመስላል። ነፊዎቹ ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ ሴቶቹ ከውጭ ሌላ ክብ ይሠራሉ። ሚስት የባሏን ድምፅ ትጠብቃለች፤ ድምፁ ሲወጣ በቀኝ እግሯ መሬቱን ትረግጣለች። ያላገባች የአባቷን ወይም የወንድሟን ትረግጣለች። ጭፈራው ይኸው ነው። ትከሻ አይነቃነቅም፣ ወገብም አይታዘዝም። ሌላው የአሪ መንደር እንዴት እንደሚያደርግ አላውቅም፤ የእኛ ግን እንዲህ ነበር።

አባቴም ከሰባቱ አንዱ ነበር ይሉኛል። ጌታን ሲቀበል ቀርከሃውን አስረክቦ ወጣ፤ በሳምንቱ ጎረቤቱ ተተካበት፣ የተቀየመም ሰው አልነበረም። የሞተ ሰው ቦታ ግን እንደዚያ አይሞላም። ነፊ ሲሞት፣ ሚስቱ በሕይወት እስካለችና ሌላ እስካላገባች ድረስ ቀርከሃው ለማንም አይሰጥም። ተራው ሲደርስ የቀሩት ዝም ይላሉ። በዝምታው ውስጥ ሚስቱ ትረግጣለች፤ ከዚያ ዜማው ይቀጥላል።

አጎቴ የሚነፋው ትልቁን፣ ጎርናናውን ነበር። ትንፋሹ ረጅም ስለነበር ተራው እንደሌሎቹ ቶሎ አያልፍም። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ በአጭር ሕመም ሞተ። ከዚያ ወዲያ በየጭፈራው አንድ ረዘም ያለ ዝምታ መጣ፤ የአክስቴ እግር ብቻ የሚሰማበት። ከኋላዋ ቆሜ ቀሚሷን ይዤ እጠብቀው ነበር። ሌላ ባል እንድታገባ የለመኗት ነበሩ፤ አልሰማቻቸውም። እያደር ጸሎት ቤት መሄድ ጀመረች፤ ጭፈራውን እንድትተው ሲመክሯት ግን «እግዚአብሔር የባሌን ተራ ምን ያደርግለታል?» ብላ መለሰች። መካሪዎቹም ተዉዋት።

ከተማ ወርጄ አባቴ ቤት ስገባ መጀመሪያ የናፈቀኝ ጭፈራው ነው። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ብሔር ብሔረሰቦች ባህላቸውን የሚያሳዩበት መድረክ በየጊዜው ይዘጋጅ ስለነበር የጂንካ ወጣት ሁሉ ተወዛዋዥ መሆን ያምረው ነበር። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደነገሩ ጨርሼ የኪነት ቡድን ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዘገብኩ። አባቴ ብዙ ቀን አላናገረኝም። «ዝም አይነቅዝም» የሚወደው ተረት ነበር፤ በእኔ ነገር ግን ዝምታው እየነቀዘበት እንደነበር ፊቱ ያስታውቅ ነበር። በመጨረሻ «ቢያንስ እሑድ አትጨፍሪ» አለኝና ታረቅን።

የምንለማመደው ከባህል ቢሮው ጀርባ ባለ አዳራሽ ነበር። አዳራሹ በስብሰባ ሲያዝ፣ ብዙ ጊዜም ይያዝ ነበር፣ ወደ ድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር እንወጣለን። ያኔ አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሃል ነው። ጥበቃው ፊሽካ ሲነፋ ላሞቹም እኛም አንድ ላይ ከሜዳው እንወጣለን፤ አውሮፕላኑ ሲያልፍ ተመልሰን ካቆምንበት እንቀጥላለን። ከእኛ ሁሉ የሐመርን ዝላይ የሚያምርላት ወላጆቿ ከጎጃም መጥተው ሱቅ የከፈቱ ልጅ ነበረች። እሷ ስትዘል የሐመር ልጆች እንኳ ቆመው ያያሉ። እኔ ቀናሁ፤ ግን ከእሷ ብዙ ተማርኩ።

አሰልጣኛችን ከአዋሳ የመጣ፣ ቀጭን፣ እጁ ከኪቦርድ የማይነሳ ሰው ነበር። ብዙ ሰው «ባህላችንን ያበላሸው እሱ ነው» ይላል። እኔ አልልም። ከእሱ ጋር ሁለት ሰዓት የሠራ ሰው ምን ያህል እንደሚለፋ ያውቃል። «የኔ እህት፣» ይለኝ ነበር፣ «ይሄን ሁሉ ብሔረሰብ በአሥራ አምስት ደቂቃ አሳዩ ይሉናል። ካላቀላቀልን በምን ተአምር?» ስለዚህ አቀላቀልን። ከሐመር ዝላዩን፣ ከዳሰነች አረማመዱን፣ ከአሪ ክቡን ወሰድን። ክቡንም ተመልካች ጀርባችንን ብቻ እንዳያይ በግማሽ ከፈትነው። ከላይ የሰሜኑን ትከሻ ጨመርንበት፤ ሌላ ከተማ ስንሄድ ሰው ትከሻ ሲያይ ያጨበጭባልና። ከእንሰት ቃጫ የሚሠራው ቀሚስ ስለሚያሳክክ በአረንጓዴ ናይለን ተተካ። ስሙን «ሚክስ» አልነው። ወደድኩት፤ መዋሸት አልፈልግም፣ ከነፍሴ ነበር የወደድኩት። አንዱን እርምጃ ከሌላው የሚያገናኘው መሸጋገሪያ ሲጠፋ አሰልጣኙ ወደ እኔ ነበር የሚዞረው፤ እኔም አገኝለት ነበር።

አንዴ ለበዓል ወደ ኛንጋቶሞች ከተማ ወደ ካንጋተን ወሰዱን። ከወረዳው ቢሮ ፊት ለፊት፣ አቧራው ላይ፣ የኛንጋቶምን ጭፈራ ለራሳቸው ለኛንጋቶሞች አሳየናቸው። የከተማ ሰው ድፍረት! ተቀምጠው አዩን። ስንጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነስተው መሃል የነበረውን ልጃችንን፣ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፣ በአስተርጓሚ ጠየቁት፤ «በሬህ የቱ ነው?» እነሱ ሲጨፍሩ ወንዱ የሚወደውን በሬ እየጠራ፣ ቀንዱን በእጁ እያሳየ ነው። ልጁ ግራ ገባውና «በሬ የለኝም» አለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። «ታዲያ ለማን ነው የምትዘለው?» አሉት። አሰልጣኛችን ራሱ እስኪያነባ ሳቀ፤ በመኪናው ውስጥ እስከ ጂንካ ድረስ «በሬህ የቱ ነው?» እየተባባልን መጣን። እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ፤ ነገሩ እኔን ይመለከታል ብዬ አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ ብዙ እንግዳ ጂንካ የሚመጣበት ትልቅ በዓል ተቃረበ። የባህል ቢሮው ኃላፊ «የአሪው ክፍል ደካማ ነው፣ ይጠናከር» አሉ። አሰልጣኙ ቴፕ ሰጥቶኝ ወደ መንደሬ ላከኝ። አክስቴ ምን ያህል እንደተደሰተች! ነፊዎቹን ከየቤታቸው ጠራች፣ ቴፑን የምታስቀምጥበት በርጩማ ራሷ አመጣች፣ «በደንብ ንፉ፣ ልጄ ለከተማ ልትወስደው ነው» አለቻቸው። ቀረጽኩት፤ ዝምታውንም እግሯንም አብሬ ቀረጽኩ።

አሰልጣኙ ካሴቱን ሁለት ጊዜ ሰማ። «እዚህ ጋ ምንድን ነው? ተቆርጧል?» አለኝ። ነገርኩት። የአጎቴን ተራ፣ የአክስቴን እግር፣ ሁሉንም ነገርኩት። እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። «ከባድ ነገር ነው፤ እንዳለ እንተወው እንዴ ታዲያ?» አለ። «ያንቺ ነው፣ አንቺ ወስኚ።»

አንቺ ወስኚ ነው ያለኝ። ሰው አሰልጣኙን ሲያማ ዝም የምለው ለዚህ ነው። ያኔ አንድ አዲስ የትከሻ አመታት ይዤ ነበር፤ ለሳምንታት በመስታወት ፊት የተለማመድኩት፣ ቦታ ያጣሁለት። የሚክሱ ቦታ ሁሉ ተይዟል። ያ ዝምታ ብቻ ባዶ ነበር። «ባዶ ከሚሆን ሙላውና እኔ በትከሻ ልግባበት» አልኩት። በኪቦርዱ ጎርናና ድምፅ ፈለገ፤ ካሴቱ ላይ ካሉት ስድስት ድምፆች በታች ሊሆን የሚገባውን ገምቶ አገኘው። ቁርጥ የአጎቴ ድምፅ ነበር። ሰማሁት፣ አወቅኩት፤ ቢሆንም «በጣም ጥሩ» አልኩ። አጎቴን ለማክበር ነበር ብል ውሸት ይሆናል፤ ሰው እኔን እንዲያየኝ ነበር።

በበዓሉ ቀን አክስቴና ነፊዎቹ ተጋብዘው ሌሊቱን ተጉዘው መጡ። ከፊት፣ ከዳሱ ሥር አግዳሚ ወንበር ተሰጣቸው። አክስቴ ነጭ ነጠላ አድርጋ ነበር። የአሪው ክፍል ሲጀምር ነፊዎቹ በድምፅ ማጉያው ዜማቸውን ሰምተው እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ። አክስቴ ተነስታ ቆመች። እንዳደገችበት፣ ሰውነቷን ሳትነቀንቅ፣ ዜማውን በጆሮዋ እየተከተለች። ከመድረኩ ላይ አየኋት፤ ልቤ በደስታ ሞላ፤ ልትረግጥልኝ ነው አልኩ።

ቦታው ሲደርስ ጎርናናው ድምፅ ከማጉያው ወጣ፤ ሜዳውን ሞላው። ከሰልፉ ወጥቼ ትከሻዬን ለቀቅኩት። እልልታው ቀለጠ። አክስቴን አየኋት፤ ቀኝ እግሯ ተነስቷል፣ አላረፈም። የምታየው እኔን አልነበረም፤ ማጉያውን ነበር። ከዚያ እግሯን ቀስ ብላ አወረደችና ተቀመጠች።

ላቤ ሳይደርቅ ሮጬ ሄድኩ። ሙገሳ ጠብቄ ነበር፤ እንዲህ ሞኝ ነበርኩ። በአሪኛ «ማነው የነፋው?» አለችኝ።

«ማሽን ነው፣ አክስቴ።»

«ማሽን ነው?» አለች። «እኔ እሱ መስሎኝ ነበር።»

ነጠላዋን አስተካክላ ነፊዎቹን «እንሂድ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» አለቻቸው። ምሳ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ ሳይበሉ ሄዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስኳርና ሳሙና ይዤ ወደ ደጋ ወጣሁ። ትቆጣለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቁጣ አውቅበታለሁ፣ ተቆጥቶ መታረቅም አውቅበታለሁ። አክስቴ በር ድረስ ወጥታ ተቀበለችኝ። የቤቱን አንድ ወንበር ጠርጋ «ተቀመጪ» አለችኝ። ምግብ አቀረበች፣ ለመታጠቢያ ውሃ በእጄ ላይ አፈሰሰች። እንስራውን ይዤ ልወጣ ስል ከእጄ ወሰደችው። «እንግዳ ውሃ አይቀዳም» አለችኝ። በዚያ ቤት ውስጥ በልጅነቴ ያልተሸከምኩት ነገር አልነበረም። ስንት ጊዜ በዚያ እንስራ የተነሳ ጆሮዬን ተቆንጥጫለሁ!

በሌላ ጊዜም እንደዚያው፣ በሚቀጥለውም እንደዚያው። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ «ስደቢኝ እንጂ! ተቆጪኝ! ምን አይነት ነገር ነው ይሄ?» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንግዳ አይሰደብም፤ ነውር ነው» አለችና ተጨማሪ ምግብ አወጣችልኝ። እያለቀስኩ በላሁ።

ሚክሱ ግን ገነነ። ሌላ ከተማ ወሰዱን፣ ተጨበጨበልን፣ ፎቶ ተነሳን። ትምህርት ቤቶች ወሰዱት፤ ሙሽሮች ወሰዱት፤ ኋላ ስልክ ሲመጣ ከስልክ ስልክ ዞረ። የጂንካ ሕፃን ሁሉ ያንን ቦታ ያውቀዋል፤ ጎርናናው ድምፅ ሲመጣ ትከሻ ነው። አንድ ጊዜ በራሱ በአክስቴ መንደር ሠርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ጄኔሬተር ተነስቶ፣ ማጉያ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ የኛ ሚክስ ተከፈተ። ቦታው ሲደርስ ልጃገረዶቹ ሁሉ ትከሻቸውን ለቀቁት። ደግሞ ያምርባቸዋል። አክስቴ ከቤት አልወጣችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ የወጋሁት ነኝ፤ ግን አልረሳሁም።

ዓመታት ሄዱ። አሰልጣኙ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሲሰናበተኝ ኪቦርዱን ለቡድኑ ተወልን። ጉልበቴ መዝለል እምቢ ሲል እኔ አሰልጣኝ ሆንኩ፤ ቁጣዬም ሥራ አገኘ። አባቴ አረፈ። ደጋ ላይ ነፊዎቹ አንድ በአንድ አለቁ። ሁለት ሲቀሩ መንፋት አቆሙ፤ በሁለት ድምፅ ዜማ አይሆንም፣ ዝምታው በዛ። ለልጆቻቸው አላስተማሩም፤ ልጆቹ ስልክ ላይ ነበር የሚሰሙት። የመንደራችን ዜማ ሙሉው ያለው እንግዲህ እኛው ጋ፣ በሚክሱ ውስጥ ብቻ ሆነ። ይህ ሲገባኝ ደነገጥኩ። አክስቴ ለባሏ የምትረግጥበት ቦታ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም የደፈንኩት እኔ ነኝ።

አክስቴ ዓይኗን ታመመች፤ ማየት እያቃታት ሲሄድ ለሕክምና ወደ ጂንካ ወረደች። እኔ ቤት አረፈች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። እሷ ግን በእኔም ቤት እንግዳ ሆነች። ውሃ ስትጠማ ታስፈቅዳለች። ከአልጋ ወርዳ በዳበሳ አልጋዬን ታነጥፋለች። ሻይ ሳቀርብላት ለማታውቀው ሰው እንደሚባለው ታመሰግነኛለች። ከሁለት ወር በኋላ ቤቴ ውስጥ መተንፈስ አቃተኝ። እድሜዋ ሄዷል፤ እንዲህ እንደተቀያየምን ብትሞትብኝስ? ሌላ ፍርሃት አልነበረኝም፤ ይኼ ብቻውን ከእንቅልፌ ያባርረኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለከተማው በዓል ሚክሱን እንድናሳይ ታዘዝን። ኪቦርድ ተጫዋቻችን አሁን በላፕቶፕ የሚሠራ ወጣት ነው። «ከአሪው ክፍል ጎርናናውን ድምፅ አውጣልኝ» አልኩት። «የቱን?» አለ። አሳየሁት። «አሰልጣኝ፣ እሱ እኮ ዋናው ነው! ዝም ካለ ኤረር ነው የሚመስለው።»

«ይምሰል።»

«በሌላ ነገር ልተካው? ከበሮ ልጨምርበት?»

«ምንም። ባዶ። ረጅም ትንፋሽ ያህል ባዶ።»

ተወዛዋዦቹም አጉረመረሙ። «ሰው የሚወደው እኮ ትከሻውን ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ትከሻውን ወደ ሌላ ቦታ አዛወርኩላቸው፤ ሚክሱን አላፈረስኩም፣ ሥራዬ ነው፣ እወደዋለሁ። በዚያ ቦታ ላይ ግን ቆማችሁ በቀኝ እግር ብቻ ርገጡ አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ተቆጣሁ። በዘዴ ማስረዳት ይቻል ነበር፤ ግን አፌን ከከፈትኩ እንደማለቅስ ስለማውቅ ነው የተቆጣሁት።

በዓሉ ጠዋት ነበር፣ ሜዳ ላይ። አክስቴን ከፊት በፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥኳት። ስለ ቦታው ምንም አልነገርኳትም፤ ራሷ ታግኘው ብዬ ነው። እኔ በመድረኩ ጎን ቆምኩ። የአሪው ክፍል ገባ። አምስተኛው፣ ስድስተኛው ድምፅ አለፈ። ከዚያ ዝም።

ከኋላ አንድ ሰው «መብራት ሄደ!» ብሎ ጮኸ።

ጂንካ ናት እንግዲህ፤ የመብራት ነገር ያስመረረው ሕዝብ ነው። ሜዳው በሙሉ «ኡኡኡ!» አለ። ሕፃናቱ እየዘለሉ «መብራት ሄደ! መብራት ሄደ!» ይላሉ፣ ትልልቁ ይስቃል፣ አንዱ ያፏጫል። ደሜ ፈላ። ወደ ሕዝቡ ዞሬ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ዝም በሉ! ዝም በሉ እንጂ! ምን አይነት ሰዎች ናችሁ!» ብዬ ጮህኩ። እየጮህኩ ሳለሁ ዜማው ተመለሰ፤ ሕዝቡ «እሰይ!» ብሎ አጨበጨበ። የተወዛዋዦቹን እግር የሰማው የለም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያንን ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ሞላሁት፤ መጀመሪያ በትከሻዬ፣ አሁን በአፌ።

ፕሮግራሙ አልቆ ሰው ሲበተን አክስቴ ጋ ሄጄ ከጎኗ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። 

«መብራቱ ደግነቱ ቶሎ መጣ» አለችኝ።

«መብራት አልሄደም፣ አክስቴ። የአጎቴ ተራ ነበር።»

በማያዩት ዓይኖቿ ወደ እኔ ዞረች። «ተውሽለት?»

«ተውኩለት።»

«እኔ ደግሞ መብራት ነው ሲሉ አመንኳቸው። ሳልረግጥለት አለፈ።» ከንፈሯን መጠጠች። «አንቺስ? ረገጥሽለት?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር፤ አታይም። «አልረገጥኩም» አልኳት። «ሰው ላይ እየጮህኩ ነበር።»

አክስቴ ሳቀች። መጀመሪያ ማጉረምረም መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ። ሳሏ እስኪይዛት ሳቀች። ከዚያ በዓል ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። «እሱም እንዲሁ ነበር እኮ!» አለች። «ጎኑ ያለው ሰው አስቀድሞ ነፋ ብሎ ሲሳደብ ስንት ጊዜ ተራው አልፎታል! ሁሉም ዝም ብሎ ያየዋል። እኔ ነኝ ብቻዬን የምረግጥለት። ሳይሞትም ነበር እኮ ያ ዝምታ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ አታስታውሺውም እንጂ።»

አለቀስኩ። ሜዳው ላይ፣ ወንበር በሚሰበስቡት ሰዎች ፊት፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አልከለከለችኝም። ሲወጣልኝ በምርኩዟ እግሬን ነካ አደረገችኝና «ተነሺ» አለችኝ። «ቁሚ እዚህ።»

ቆምኩ። ዜማውን በአፏ ጀመረች፤ ስድስቱን ድምፅ ለብቻዋ፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም እየቀያየረች። አንዳንዱ ድምፅ ከጉሮሮዋ አልወጣ ይላል። ቦታው ሲደርስ ዝም አለች። በቀኝ እግሬ ረገጥኩ።

«ዘገየሽ» አለችኝ። «ስንቴ ላስተምርሽ? እንደገና።»